የሳኦል ልመናና የአማሌቃዊው እጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ31ኛው ምዕራፍ፥ በካልኡም በመጀመሪያው ምዕራፍ የተጻፈውን የንጉሥ ሳኦልን የሞት ነገር ልንመረምር ተነሥተናል። ምክንያቱም፥ ሰው የመኖር መብት እንዳለው ሁሉ በፈቀደው ጊዜ የመሞትም መብት አለው የሚል ትምህርት በዘመናችን ተነሥቶ በብዙ አገር ከሕግ መጽሐፍ ገብቷልና። ይህን ትምህርት የሚወዱ አንዳንዶች፥ መጽሐፍ ሳኦልን በአሟሟቱ አልነቀፈውም ብለው ታሪኩን ለምስክርነት ይጠሩታል። ከእኛም ወገን አንዳንዶች በዚሁ ታሪክ ተመርኵዘው ራሱን በገደለ ሰው ሬሳ ላይ ይጨክናሉ። ንባቡ ግን ለሁለቱም ወገን አይመሰክርም።

ታሪክ። ሳኦል በጊልቦዓ ተራራ ከፍልስጥኤማውያን ጋር ሲዋጋ ቀስተኞች አቈሰሉት፤ ሦስት ልጆቹ ሞቱ፥ ሠራዊቱም ተፈታ። ያን ጊዜ ቆላፋን መጥተው እንዳይሳለቁበት ሰይፉን መዝዞ ይወጋው ዘንድ ጋሻ ጃግሬውን ለመነው። ጋሻ ጃግሬው ግን እጅግ ፈራና እንቢ አለ። ሳኦልም በገዛ ሰይፉ ላይ ወደቀ። በኋላ አንድ አማሌቃዊ ጎልማሳ ልብሱን ቀድዶ በራሱ ላይ ትቢያ ነስንሶ ዳዊት ወዳለበት ወደ ጺቅላግ መጣ። ሳኦል ይገድለው ዘንድ እንደ ለመነው፥ እርሱም እንደ ገደለው ተናገረ፤ ዘውዱንና የክንዱንም አንባር አቀረበ። ዳዊት ልብሱን ቀድዶ አለቀሰ፥ እስከ ማታም ጾመ፤ አማሌቃዊውንም በገዛ አፉ ምስክርነት ሞት ፈረደበት።

ሐተታ። ሁለቱ ምዕራፎች አይጋጩምን ቢሉ፥ አይጋጩም። አማሌቃዊው ሬሳውን አግኝቶ ዘውዱን ገፍፎ፥ ሽልማት ሽቶ ዋሽቷል። አንድም ሳኦል በሰይፉ ላይ ወድቆ ፈጥኖ ስላልሞተ የጨረሰው እርሱ ነው። ሽልማት መሻቱን በካልኡ መጽሐፍ በ4ኛው ምዕራፍ ዳዊት ራሱ ይናገራል፤ ያ ሰው የምሥራች ያመጣ መስሎት ነበርና። ለተነሣንበት ነገር ግን ሁለቱም ትርጓሜ አንድ ፍርድ ያመጣል፤ ዳዊት የፈረደው ሰውየው አደረግሁ ባለው ሥራ ላይ ነውና።

አሁን የአማሌቃዊውን መከራከሪያ ልብ አድርገን እንመልከት። ሦስት ምክንያት አቅርቧል። የመጀመሪያው፥ ራሱ ለመነኝ ማለቱ ነው። ሁለተኛው፥ ጭንቅ ይዞት ነበር ማለቱ ነው። ሦስተኛው፥ ከወደቀ በኋላ እንደማይድን አውቄ ነበር ማለቱ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ዓመት በሆላንድ የጸናው ሕግ ሐኪሙን ከቅጣት የሚያድንበት ምክንያት ከዚህ አይርቅም። በሽተኛው ወዶና አስቦ ይለምን፤ ሥቃዩ የማይቻል ይሁን፤ የመሻልም ተስፋ አይኑረው ይላል። ሌላ ሐኪም እንዲያየው፥ ከተፈጸመም በኋላ መርማሪ ጉባኤ እንዲመረምረው ያዝዛል። ቤልጂግም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። በአሜሪካ በኦሬጎን በ1997 የጸናው ሕግ ደግሞ ሐኪሙ መድኃኒቱን እንዲያዝዝ፥ ከስድስት ወር የማያልፍ ዕድሜ ቀርቶታል የተባለው በሽተኛም በገዛ እጁ እንዲወስደው ይፈቅዳል፤ በዚህ እጁ ራቀ እንጂ አልጠፋም።

እነዚህን ሕጎች ያወጡትን ሰዎች ክፉዎች ናቸው አንልም። ብዙዎቹ በሥቃይ አልጋ አጠገብ ቆመው ያለቀሱ ናቸው፤ በስውር ይደረግ የነበረውን ወደ ብርሃን አውጥተን እንቈጣጠረው ያሉም አሉ። ርኅራኄያቸውን አንነቅፍም፤ የምንነቅፈው ርኅራኄው የያዘውን መንገድ ነው። ዳዊት የአማሌቃዊውን ሦስት ምክንያት ሰምቶ፥ ለምኖህ ነበርን ብሎ አልመረመረም፤ ተሠቃይቶ ነበርን ብሎም አልጠየቀም። የጠየቀው አንዲት ነገር ነው፤ እጅህን ስትዘረጋ እንዴት ሳትፈራ ቀረህ የሚል ነው። ጋሻ ጃግሬው ፈራ ተብሎ ተጽፏል፤ አማሌቃዊው ስለ ምን አልፈራህም ተብሎ ተጠይቋል። የሁለቱ ምዕራፎች ማሰሪያ ይህ ፍርሃት ነው። ልመናው የሳኦል ነው፥ እጁ ግን የሌላ ሰው ነው። እንግዲህ የመሞት መብት የሚባለው ነገር ሲመረመር የሚሞተው ሰው መብት ብቻ ሆኖ አይገኝም፤ ሌላውን ሰው ያለ ፍርሃት እንዲገድል የሚያሰናብት ፈቃድ ሆኖ ይገኛል።

ጋሻ ጃግሬውስ ራሱን ገድሎ የለምን፥ ስለ ምን ታመሰግኑታላችሁ ቢሉ፥ የምናመሰግነው እጁን ከጌታው ስለ መለሰ ነው፤ በኋላ ያደረገውን አናመሰግንም። ይህም ሌላ ትምህርት ይሰጠናል፤ በተስፋ መቍረጥ የሆነ ሞት ብቻውን አይሄድም፥ አጠገቡ የቆመውን ይስባል። ስለዚህ ሞቴ የእኔ ብቻ ነው የሚለው ቃል እውነት አይደለም።

ጥያቄ። ዳዊት አማሌቃዊውን የኰነነው ሳኦል በእግዚአብሔር የተቀባ ንጉሥ ስለ ነበረ ነው፤ ይህ ፍርድ ለተራው ሰው እንዴት ይሆናል የሚል ቢኖር፥ ጥያቄው ብርቱ ነው፥ በቀላል የሚታለፍም አይደለም። መልስ። የዳዊት ቃል በእውነት ስለ ተቀባው ንጉሥ ነው። ነገር ግን በኦሪት ለንጉሥና ለካህን የነበረው ቅብዐት በሐዲስ ለተጠመቀ ሁሉ በሜሮን ተሰጥቷል፤ ድሀውም በሽተኛውም የተቀባ ነው። ያልተጠመቀስ ቢሉ፥ በኦሪት ዘፍጥረት በ9ኛው ምዕራፍ የሰው ደም እንዳይፈስ የተከለከለው ሰው በእግዚአብሔር መልክ ስለ ተፈጠረ ነው ተብሏል። ይህ ከንጉሥና ከሕዝብ፥ ከአማኝና ከኢአማኒ አይለይም።

ዳግመኛ፥ በክብር ልሙት የሚለውን ቃል እንመርምር። ሳኦል ሞትን የፈለገው ጠላት እንዳይሳለቅበት ነው። ሆነለትን? አልሆነለትም። ፍልስጥኤማውያን በማግሥቱ መጥተው ራሱን ቈረጡ፥ ሬሳውንም በቤትሳን ቅጥር ላይ ሰቀሉት። ከእርሱ በፊት አቤሜሌክ በቴቤስ ግንብ ሥር አንዲት ሴት የወፍጮ መጅ ጥላ አናቱን በሰበረችው ጊዜ፥ ሴት ገደለችው እንዳይባል ጋሻ ጃግሬውን አስገድሉኝ አለ፥ ያም ወጋው። በካልኡ ሳሙኤል በ11ኛው ምዕራፍ ግን ኢዮአብ መልእክተኛውን ሲልክ የአቤሜሌክን ሞት ሴት የገደለችው ብሎ ያነሣዋል፤ የጋሻ ጃግሬውን ሰይፍ የሚያስታውሰው የለም። ሁለቱም ክብራቸውን በሞት ሊጠብቁ ወደዱ፥ ሞትም አልጠበቀላቸውም። የሳኦልን ክብር የመለሱለት ሌሊቱን ሁሉ ሄደው ሬሳውን ከቅጥር ያወረዱ፥ አጥንቱንም ቀብረው ሰባት ቀን የጾሙ የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ናቸው። የሰው ክብር የሚጠበቀው በሚሸከሙት ሰዎች ፍቅር ነው።

የዓለም ዳኞችም ይህን ነገር ሲመዝኑ ተቸግረዋል። በስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2002 አንዲት በጽኑ የታመመች እንግሊዛዊት ባሏ እንዲረዳት ፈቃድ በለመነች ጊዜ፥ በሕይወት ከመኖር መብት ውስጥ የመሞት መብት አይወጣም ብሎ ፈረደ። በ2011 ደግሞ በስዊስ ነገር፥ ሰው መቼና እንዴት እንደሚሞት መምረጡ ከግል ኑሮው የሚቈጠር ነው አለ፤ ሆኖም መንግሥት የሚገድለውን መድኃኒት ሊያቀርብለት ግዴታ የለበትም ሲል ጨመረ። ምርጫውን አከበረ፥ እጁን ግን አላዘዘም። የስዊስ ሕግ ራሱ ከ1942 ጀምሮ ራሱን የሚገድለውን ለገዛ ጥቅሙ ሲል የረዳውን ይቀጣል፤ ዘውድ ይዞ ሽልማት ሊቀበል የመጣው አማሌቃዊ በዚያም ቢሆን ክርክሩ በቀላል ባልቆመለት ነበር። በአገራችንም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በ542ኛው አንቀጽ ሌላው ራሱን እንዲገድል የሚያነሣሣውንና የሚረዳውን ይቀጣል።

እጁ አንድ ጊዜ ከፍርሃት ከተፈታ ወሰኑ አይጸናም። ካናዳ በ2016 ሕጓን ስታወጣ ሞቱ የቀረበውን በሽተኛ ብቻ ለይታ ነበር፤ በ2021 ያን ወሰን አነሣች። ቤልጂግም በ2014 ፈቃዱን ለሕፃናት ጭምር አደረገች። ይህ የሆነው በሕግ አውጪዎቹ ክፋት አይደለም፥ በነገሩ ባሕርይ ነው። የሚያስፈቅደው ልመናው ብቻ ከሆነ ለአንዱ ለማኝ ፈቅዶ ሌላውን ለመከልከል ምክንያት ይጠፋል፤ ሥቃዩ ከሆነ ደግሞ የማን ሕይወት መኖር ይገባዋል የሚለውን ፍርድ ሐኪሙ ይፈርዳል። ያን ጊዜ መብት የተባለው ተመልሶ የሌላ ሰው ሥልጣን ይሆናል። ሸክም ሆንሁባቸው ብላ የምታስብ አሮጊት እናትም፥ በሩ ክፍት ሳለ ስለ ምን እንዳልወጣች ለራሷ መልስ መስጠት ይኖርባታል።

ይህን ስንል ለሞት የቀረበውን ሰው በማይጠቅም መድኃኒት አስጨንቁት ማለታችን አይደለም። ሞትን ማምጣትና የመጣውን ሞት አለመታገል ልዩ ልዩ ናቸው። ሥቃይን ለማስታገሥ ሞርፊን በልክ መስጠትም መግደል አይደለም።

አሁን ቃሌን ወደ እኛ ወደ ካህናቱ እመልሳለሁ። ዳዊት በገዳዩ ላይ ፈረደ፥ በሟቹ ላይ ግን አልፈረደም። ለሳኦል አለቀሰ፥ ጾመ፥ ሙሾም አወጣለት፤ ያሳድደው የነበረውን ሰው! እኛ ግን በኅዘን አእምሮው ተናውጦ ራሱን የገደለ ድሀ ሲገጥመን፥ ሳንመረምር ከደጅ እንመልሳለን። በ4ኛው መቶ ዓመት በማርቆስ መንበር የነበረው ጢሞቴዎስ ዘእስክንድርያ ስለዚህ ነገር በተጠየቀ ጊዜ፥ ሰውየው በእውነት አእምሮውን ስቶ እንደ ሆነ ካህኑ ተግቶ ይመርምር ብሏል፤ ዘመዶች ሊዋሹ ይችላሉና። መመርመር ማለት ግን ለመከልከል መቸኰል አይደለም። የታመመ አእምሮ እንደ ታመመ ሥጋ ነው።

የሚያሠቃየውንስ ሰው በምን እንመልሰዋለን? ኤልያስ በቤርሳቤህ ምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ በታች ተኝቶ ነፍሱን እንዲወስዳት እግዚአብሔርን ለመነ። እግዚአብሔርም አልገሠጸውም፥ ልመናውንም አልፈጸመለትም። መልአክ ልኮ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፥ አስተኛው፥ ዳግመኛም አበላው፤ በዚያም ኃይል አርባ ቀን ሄደ። ሞትን ለሚለምን ሰው የሰማይ መልስ እንጀራና እንቅልፍ፥ አጠገቡም የሚቀመጥ ሆነ። ሲሲሊ ሳንደርስ የተባለች ሐኪም በ1967 በለንደን የመሠረተችው ለሞት የቀረቡትን የሚያሳርፍ ቤት በዚሁ መንገድ የሄደ ነው፤ ሥቃዩን ያስታግሣል፥ ሰውየውን ግን አይገድልም።

እንግዲህ ወንድሞቼ ካህናት፥ በፍርድ ወንበርም የምትቀመጡ ታላላቆች፥ ሁለት ነገር እንጠብቅ። ለሚሞተው እንባ፥ ለእጃችን ፍርሃት። እጅን እየከለከለ አልጋውን የማይጠብቅ ሕግ ግን የሳኦልን ልመና በጊልቦዓ ብቻውን የሚተው ነውና፥ ግደሉኝ የሚል ድምፅ በሰማን ጊዜ እጃችንን ከሰይፉ መልሰን በእንጎቻውና በውኃው ላይ እናኑር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።