ርኅራኄና ዋጋው በ«የማር ጣዕም» ፊልም

ያልታሰበ እርግዝናን ጭብጥ ያደረጉ ድራማዎች ብዙውን ጊዜ ግጭታቸውን የሚገነቡት «ትውለደው ወይስ አትውለደው?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ቶኒ ሪቻርድሰን በ1961 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያዘጋጀው «የማር ጣዕም» ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣል። የራራ ሰው በራራለት ሰው ቤት ስፍራ ይኖረዋልን? በዚህ አጭር ጽሑፍ ፊልሙ የሚሰጠውን መልስ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ሥራው አስቀድሞ ተውኔት ነበር። በ1958 በጆአን ሊትልዉድ አዘጋጅነት ለንደን ውስጥ ለመድረክ ሲበቃ፣ የጸሐፊዋ የሺላ ዴላኒ ዕድሜ 19 ዓመት ነበር። የፊልሙንም ጽሑፍ ከሪቻርድሰን ጋር ያዘጋጀችው እርሷ ናት።

ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጆ በሰሜን እንግሊዝ ከእናቷ ከሄለን ጋር ከአንዱ የኪራይ ክፍል ወደ ሌላው የምትንከራተት ተማሪ ናት። እናቲቱ ባል አግብታ ትታት ትሄዳለች። ጆ ከአንድ ጥቁር መርከበኛ ታረግዛለች፤ እርሱም ከመርከቡ ጋር ይሄዳል። በዚህ ጊዜ አከራዩ ያባረረችው ወጣት ተማሪ ጄፍ ከጆ ቤት ይጠጋል። ጄፍ ወንዶችን የሚያፈቅር ሰው ነው፤ ይህም በእንግሊዝ ሕግ እስከ 1967 ድረስ በወንጀል ያስከስስ ነበር።

የጄፍ ርኅራኄ የሚገለጸው በንግግር ሳይሆን በድርጊት ነው። ቤት ያጸዳል፣ ያበስላል፣ ለሚወለደው ሕፃን ልብስ ያሰናዳል። ይሁንና ዴላኒ መልአክ አላደረገችውም። ለልምምድ ብሎ ያመጣላት አሻንጉሊት ነጭ በመሆኑ ጆ በቁጣ ትወረውረዋለች። በጎ ሐሳብ ብቻውን የሌላውን ሥጋት ለመረዳት እንደማይበቃ ከዚህ እንማራለን።

ጄፍ ራሱ መጠጊያ ያጣ ስለሆነ ርኅራኄው ከችግሩ የመነጨ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። በበኩሌ ይህ አስተያየት ከሴራው ጋር የሚስማማ አይመስለኝም። የልጅቷን እርግዝና ለእናቷ የሚያስታውቀው ራሱ ጄፍ ነው። ለራሱ ብቻ የሚያስብ ቢሆን ኖሮ ዝም ባለ ነበር። በሩን የከፈተላት እናት ግን ኋላ ከባሏ ተለይታ ስትመለስ እርሱኑ ታስወጣዋለች።

የተውኔቱና የፊልሙ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በፍጻሜው ነው። በተውኔቱ ሄለን ሕፃኑ ጥቁር ሊሆን እንደሚችል ሰምታ ትወጣለች፤ ጆ ከመድረክ ላይ ብቻዋን ትቀራለች። በፊልሙ ግን ልጆች የጋይ ፎክስን ምሽት እሳት አንድደው ሲጫወቱ፣ ጄፍ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ያያታል። እርሷ አታየውም። ጆ በእጇ የያዘችውን ርችት ትመለከታለች፤ እርሱም ይሄዳል። ተውኔቱ ብቸኝነቷን ሲያሳየን፣ ፊልሙ ያንን ብቸኝነት የሚመለከት ሌላ ብቸኛ ሰው ይጨምርልናል።

ጉድለት የለውም አልልም። በየመካከሉ የሚደጋገመው የልጆች መዝሙር፣ ትወናው አስቀድሞ ያሳደረብንን ስሜት እንደገና ሊነግረን ይሞክራል። ሪታ ተሺንግሃምና መሪ ሜልቪን በ1962 በካን የፊልም ፌስቲቫል የተሸለሙበት ትወና እንዲህ ያለ ድጋፍ አያሻውም ነበር።

ከላይ ላነሣሁት ጥያቄ የፊልሙ መልስ «ስፍራ የለውም» የሚል ነው። ሆኖም ርኅራኄውን ከንቱ አያደርገውም። ጄፍ ያጸዳው ቤት ጽዱ እንደሆነ ይቆያል፤ ያሰናዳውንም ልብስ ሕፃኑ ይለብሰዋል።