ልብ አንጠልጣይ ፊልምና የሸንጎው ትውፊት

ስለ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ሲነሣ በብዙ ተመልካች አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የሽጉጥ ተኩስ፣ የመኪና ሩጫና በጨለማ የሚሸሽ ሰው ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ የዘውጉ ልብስ እንጂ አካሉ አይደሉም። አካሉ የዕውቀት አከፋፈል ነው፤ ይኸውም ተመልካቹ ምን እንዲያውቅ፣ ምን እንዲሰወርበት፣ የተሰወረውም መቼ እንዲገለጥለት የሚወስነው ሥርዓት ነው። የዘውጉ ዓይነቶች የሚለያዩትም በዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ድርጊቱ ታይቶ አድራጊው የሚሰወርበት የወንጀል ምርመራ ፊልም ነው። ሁለተኛው ተመልካቹ ከገጸ ባሕርያቱ ይልቅ የሚያውቅበት የሥጋት ፊልም ነው። እንግሊዛዊው አዘጋጅ አልፍሬድ ሂችኮክ ልዩነቱን በምሳሌ አስረድቶታል፤ ከጠረጴዛ ሥር የተጠመደ ቦምብ ሳይታሰብ ቢፈነዳ ተመልካቹ ለአፍታ ይደነግጣል፤ መጠመዱን አስቀድሞ ካወቀ ግን በጠረጴዛው ዙሪያ የሚደረገው ተራ ጨዋታ ሁሉ ያስጨንቀዋል። ሦስተኛው ጥያቄውን ወደ ሰው ልቡና የሚያዞረው ሥነ ልቡናዊ ዓይነት ሲሆን፣ ሂችኮክ በ1960 እ.ኤ.አ. ያቀረበው «ሳይኮ» ለዚህ ይጠቀሳል። አራተኛው ወንጀሉ ከሥልጣን ወንበር የሚመነጭበት ፖለቲካዊ ዓይነት ነው፤ ኮስታ ጋቭራስ በ1969 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው «ዜድ» ከእነዚህ አንዱ ነው። አምስተኛው የችሎት ፊልም ነው። ሲድኒ ሉሜት በ1957 እ.ኤ.አ. ያቀረበው «አሥራ ሁለቱ ቁጡ ሰዎች» ከሞላ ጎደል በአንዲት ክፍል ውስጥ ይፈጸማል። በክፍሏ ውስጥ አንድም ጥይት አይተኮስም፤ የአንድ ወጣት ሕይወት ግን በአሥራ ሁለት ሰዎች ቃል ላይ ተንጠልጥሏል።

ለኢትዮጵያ ፊልም ይበልጥ የሚቀርበው ይህ አምስተኛው ነው። ምክንያቱም በሕዝቡ የኑሮ ልማድ ውስጥ ይገኛል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል ሕዝብ ፍርድን መጠበቅ ምን ያህል ልብ እንደሚሰቅል ከማንም አይማርም። በአውጫጭኝ ሥርዓት የአካባቢው ነዋሪ ተሰብስቦ ወንጀለኛውን እንዲያወጣ ይገደድ ነበር፤ በቁራኛ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ወደ ዳኛ ይጓዙ ነበር። በጌዴኦም ከዲላ እስከ ይርጋ ጨፌና ኢዲዶ ድረስ ባለው ምድር፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚሰሙበትና ዕርቅ የሚያወርዱበት ሸንጎ ሶንጎ ይባላል። ከመርማሪ ፖሊስ በፊት ሸንጎ ነበረ ማለት ነው።

ይህን ትውፊት በግልጽ ከተጠቀሙት ፊልሞች አንዱ ሞገስ ታፈሰ ያዘጋጀውና በ2019 እ.ኤ.አ. የቀረበው «ቁራኛዬ» ነው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን አንዲት ሴት ያጣላቻቸው ባልና ወዳጅ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ወደ ዙፋን ችሎት ይጓዛሉ። በደሉ የታወቀ፣ በዳዩም የተያዘ ስለሆነ የሚመረመር ምስጢር የለም። ልብ የሚያንጠለጥለው ሰንሰለቱ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይወድቃል፣ አንዱ ሳይራመድ ሌላው አይራመድም። በሌሎች አገሮች ፊልም አሳዳጅና ተሳዳጅ በርቀት ሲለያዩ ውጥረት ይፈጠራል፤ በ«ቁራኛዬ» ግን ውጥረቱን የፈጠረው የርቀት አለመኖር ነው።

በዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ አዘጋጅነት በ2014 እ.ኤ.አ. የቀረበው «ድፍረት» ደግሞ ጥያቄውን ወደ ቅርቡ ዘመን ያመጣዋል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ትገድላለች። ይህ የሚሆነው በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ፣ በተመልካቹ ዓይን ፊት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሕጉ ልጅቱን እንደ ነፍሰ ገዳይ ያያታል ወይስ ራሷን እንደ ተከላከለች ሰው? የፊልሙ ርእስ ራሱ ሰምና ወርቅ ነው፤ ጀግንነትንም መደፈርንም በአንድ ቃል ይይዛል። ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጉዳዩን የሚያዩበት ትዕይንት የፊልሙ ብርቱ ክፍል ነው፤ ሰዎቹ እንደ ክፉዎች ሳይሆን እንደ ሥርዓት ጠባቂዎች ይናገራሉ፤ የተመልካቹን ፍርሃት የሚያበዛውም ይኸው ነው። በአንጻሩ የፖሊሱና የዓቃቤ ሕጉ ወገን በአንድ ቀለም ብቻ በመቀባቱ፣ ከእነዚህ ገጸ ባሕርያት ምን እንደሚመጣ ተመልካቹ አስቀድሞ ያውቃል፤ በዚያ ስፍራ ውጥረቱ ይላላል።

የዚህ ፊልም ነገር ግን በመጋረጃው ላይ ብቻ አላበቃም። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ሊመረቅ ተመልካቹ በተሰበሰበበት ዕለት ፊልሙ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። የታሪኩ ባለቤት የሆነችው ሴት በሕይወቷ ታሪክ ላይ ስላላት መብት አቤቱታ ማቅረቧ በወቅቱ ተዘግቧል። እግዱ በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ለሕዝብ ታይቷል። ሆኖም ያ ቀን ለዘውጉ ከባድ ጥያቄ ጥሎ አልፏል። በፈጠራ ታሪክ የሚንጠለጠለው የተመልካቹ ልብ ብቻ ነው፤ በእውነተኛ ሙግት ላይ በተመሠረተ ፊልም ግን ሁለተኛ ጊዜ የምትንጠለጠል ሰው አለች። ስለ ፍትሕ የተሠራ ፊልም በቅድሚያ ለታሪኩ ባለቤት ፍትሐዊ መሆን ይጠበቅበታል፤ ይህ ከጥበቡ ውጭ የተጨመረ ግዴታ ሳይሆን የጥበቡ መነሻ ነው።

በዲላም ሆነ በሌላ ከተማ ካሜራ የሚያነሣ ወጣት ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች የሚወስደው ትምህርት ይኸው ነው። ሽጉጥና የመኪና ሩጫ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ተቀድተውም ቢመጡ ከባዕድነት አይድኑም። ሶንጎ ግን በደጅ ያለ ነው። ተበዳይና በዳይ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ሽማግሌው ቃል ከመናገሩ በፊት ያለችው ዝምታ ለአንድ ሙሉ ፊልም ትበቃለች። ያችን ዝምታ ለጌጥ ብቻ የሚቀርጽ ሰው የሽማግሌዎችን ጋቢና የዛፉን ጥላ ብቻ ያሳያል። በሸንጎው ጠርዝ ቆማ ቃል ያልተሰጣትን ሴት ጭምር የሚያይ ሰው ግን ተመልካቹ ከአዳራሹ ከወጣ በኋላም ልቡ እንደተንጠለጠለ እንዲቆይ ያደርጋል።