የጊታር ጠባሳ ስንት ያወጣል?

ሱቁ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ያገለገሉ ጊታሮችና አምፕሊፋየሮች ይሸጥበታል። እኔ የምሄደው ለመግዛት አይደለም፤ ለማየት፣ ባለቤቱ ፊቱን ካዞረ ደግሞ ለመነካካት ነው። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሜ ሳላስበው ግማሽ ሰዓት አለፈ።

በግራ በኩል መስታወት ውስጥ የተቆለፈ፣ የ1960ዎቹ መጀመሪያ ፌንደር ስትራቶካስተር አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ቀለሙ ያበራል። ሰው የነካውም አይመስል። ከሥሩ “እባክዎ አይንኩ” የሚል ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። በቀኝ በኩል ክፍት ግድግዳ ላይ ሌላ ስትራቶካስተር ተሰቅሏል፤ ቀለሙ ከሞላ ጎደል ተልጦ እንጨቱ አግጥጧል፣ ጠርዙ ተፋፍቋል፣ ብረቱ ወይቧል። መኪና ኋላ ታስሮ የተጎተተ ነው የሚመስለው። አዲሱ እንግዲህ ይሄኛው ነው። ፋብሪካ ውስጥ፣ በባለሙያ እጅ፣ ሆን ተብሎ የተፋቀ። የአየርላንዳዊው ጊታሪስት የሮሪ ጋላገር ጊታር ቅጂ ነው።

አስቡት እስቲ። አሮጌው አዲስ ስለሚመስል ውድ ነው። አዲሱ አሮጌ ስለሚመስል ውድ ነው። የሁለቱም ዋጋ ከመኪናዬ ይበልጣል። መኪናዬ እንደነገሩ መሆኗን ባልክድም፣ ነገሩ አናደደኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ከዚያ ንዴት ተነስቼ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዋናው ጊታር። ሮሪ ጋላገር በ1948 ባሊሻነን የምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ኮርክ ነው። በ1963፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመቱ፣ ኮርክ ውስጥ ካለ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ይህን የ1961 ስትራቶካስተር ወደ 100 ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ በዱቤ ገዛው። ያኔ ለአንድ ተማሪ ልጅ ይሄ ገንዘብ ቀልድ አይደለም። ጊታሩ ያኔም ሁለተኛ እጅ ነበር። እንደሚነገረው የመጀመሪያው ሰውዬ ያዘዘው ቀይ ጊታር ነበር፤ የመጣለት ግን መሃሉ ቢጫ፣ ዳሩ ጠቆር ያለ ሆነበት። ቀዩ እስኪመጣ ተጫወተበትና መለሰው። አንድ ሰው በቀለሙ ያልፈለገው ዕቃ ነው እንግዲህ የሮሪ ዕድሜ ልክ ጓደኛ የሆነው።

ከዚያ በኋላ ጊታሩ ዕረፍት አላየም። መጀመሪያ በዳንስ ባንድ፣ ቀጥሎ ቴስት በተባለው የሦስት ሰው ባንዱ፣ ከ1971 ጀምሮ በራሱ ስም፣ ከመድረክ መድረክ። አንዴ ደብሊን ውስጥ ተሰርቆ፣ ዝናብ ሲመታው ሰንብቶ ቦይ ውስጥ ተጥሎ ተገኘ። የዚያ ዘመን ስስ ቀለም ለላብ አይመችም፤ ሮሪ ደግሞ መድረክ ላይ ላቡ እንደ ጎርፍ ነው የሚወርደው። ክንዱ የሚያርፍበት ቦታ መጀመሪያ ሄደ፣ ከዚያ ደረቱ፣ ከዚያ የቀረው። ጠባሳው የኑሮ መዝገብ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የት እንደቆመ፣ እንዴት እንደያዘው፣ ስንት ሌሊት እንዳደረ የሚናገር።

“አይሪሽ ቱር” የተባለውን የመድረክ አልበሙን ስሙት። የተቀዳው ጥር 1974 በቤልፋስት፣ በደብሊንና በኮርክ ነው። ቤልፋስት ያኔ ቦምብ የሚፈነዳባት፣ ብዙ የውጭ ባንዶች የሚሸሿት ከተማ ነበረች። ሮሪ ግን ይሄድ ነበር። “ኤ ሚልየን ማይልስ አዌይ” ላይ አንድ ቦታ ድምፁን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አድርጎት አዳራሹ ትንፋሹን ሲውጥ ይሰማችኋል። ከዚያ ቀስ እያለ ይመልሰዋል። ያ ዝቅታ የሚመጣው ከጣት፣ ከጊታሩ የድምፅ ማስተካከያ፣ ከኋላ ከቆመው አምፕ ነው። ቀለሙ ተላጠ አልተላጠ ለዚያች ቅጽበት ምንም አልጨመረም። ቀለሙ የተላጠው እንደዚያች ያሉ ሌሊቶች ስለበዙ ነው። ቅጂው ይህን መንስኤና ውጤት ገልብጦ ይሸጥልናል።

ፌንደር ሬሊክ የሚለውን፣ ማለትም ከፋብሪካ አርጅቶ የሚወጣውን ጊታር ያስተዋወቀው በ1995 ነው። ሮሪ በ47 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ያረፈውም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። ግጥምጥሞሽ ነው፣ ሌላ ትርጉም አልሰጠውም። ግን ባሰብኩት ቁጥር ደስ አይለኝም።

አሁን ለፍትሕ ስል አንድ ነገር ልናገር። ቅጂውን አውርጄ ተጫውቼበታለሁ፤ ግሩም ጊታር ነው። የአንገቱ ጠርዝ ለስልሷል፣ መዳፍ ላይ የሚጣበቅ ቫርኒሽ የለውም፣ ገና ስትይዙት ዘመድ ይመስላል። አዲስ ጊታር የገዛ ሰው የመጀመሪያዋን ጭረት እንዴት እንደሚፈራ የያዘው ያውቀዋል፤ ይሄ ያንን ፍርሃት ገና ከሱቅ ይገላግላል። እውነተኛውን የ1961 ጊታር መግዛት የሚችል ተጫዋች ስንት አለ? ስለዚህ የሚገዙትን ሰዎች አልሰድብም።

ችግሬ ሌላ ነው። ቁጭ ብዬ ስጫወት ክንዴ ያረፈው ቀለም ባለበት ቦታ ላይ ነው። የተላጠው ቦታ ሮሪ ክንዱን የሚያሳርፍበት ነው። ጠባሳው የኔን ክንድ አያውቀውም! የሌላ ሰው ጫማ አድርጎ የመሄድ ያህል ነው፣ ያውም የሌላው ሰው ጫማ በማሽን ተለክቶ። እናቴ የተቀደደ ጂንስ ስገዛ “ገንዘብ ከፍለህ ቡትቶ?” ትለኝ ነበር። ያኔ አልገባትም እያልኩ እስቅ ነበር። ለካ የገባት እሷ ነች።

ግን መስታወት ውስጥ ያለው ከዚህ ይሻላል ወይ? እኔን የሚያሳዝነኝ በእርግጥ እሱ ነው።

የሰብሳቢዎችን ሕግ ላስረዳችሁ። አሮጌ ጊታር ዋጋ የሚያወጣው “ኦርጅናል” ሲሆን ነው። ብሎኑ፣ መቃኛው፣ ውስጡ ያለው የብየዳ ነጥብ ሳይቀር ከፋብሪካ እንደወጣ መሆን አለበት። እንደገና ቀለም የተቀባ ከሆነ ነጋዴዎች ዋጋውን በግማሽ ገደማ ይቆርጡታል። ፍሬቶቹ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ያሉት ቀጫጭን ብረቶች፣ እንደ መኪና ጎማ በጨዋታ ያልቃሉ፤ መቀየር ግዴታ ነው። እሱም ግን ዋጋ ይቀንሳል። እንግዲህ ይህን ሕግ እስከ መጨረሻው ተከተሉት፦ ከሁሉም የሚወደደው ማንም ያልተጫወተበት ጊታር ነው። ሃምሳና ስልሳ ዓመት አልጋ ሥር የተኛ። አንድ ልጅ ገዝቶት በሳምንቱ የሰለቸው።

በዚህ ሕግ የሮሪ ጊታር ቆሻሻ ነው። መቃኛዎቹ ተቀይረዋል፣ እርስ በርሳቸውም አይመሳሰሉም። ፍሬቶቹ ተቀይረዋል፣ ሽቦው ተነካክቷል። ስሙን ደብቃችሁ ለነጋዴ ብታሳዩት አፍንጫውን ይነፋል። ይሄው ጊታር ግን ጥቅምት 2024 ለንደን ውስጥ በቦናምስ ጨረታ 889,400 ፓውንድ ተሸጠ። የፒንክ ፍሎይዱ የዴቪድ ጊልሞር ጥቁር ስትራቶካስተርም እንዲሁ ነው፤ አንገቱ ስንቴ እንደተቀያየረ ተቆጥሮ አያልቅም፣ በ2019 ግን 3.975 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ለስመ ጥሩ ሰው መነካካት “ታሪክ” ይባላል፣ ለእኔና ለአንተ ሲሆን “ጉዳት”።

የሚገርመው ገበያውን ራሱን የፈጠሩት የሚነካኩት ሰዎች ናቸው። ጊብሰን ከ1958 እስከ 1960 የሠራው ሌስ ፖል ዛሬ ከቤት የበለጠ ያወጣል። ያኔ ግን ገዢ አጥቶ ፋብሪካው ቅርጹን ቀየረው። ፈላጊ የበዛለት ኤሪክ ክላፕተን በ1966 ከጆን ሜዮል ጋር በሠራው አልበም ላይ ከማርሻል አምፕ ጋር አገናኝቶ ካስጮኸው በኋላ ነው። መስታወት ውስጥ ቆልፎ ያስቀመጠው ሰብሳቢ ለዚያ ፍቅር አንዲት ኖታ አላዋጣም።

እና አምፕሊፋየሩስ? ስለ ጊታር ሺህ መጽሐፍ ይጻፋል፣ የድምፁ ግማሽ ግን ከኋላ ያለው ሣጥን ነው። ሮሪ በወጣትነቱ የሚወደው ቮክስ ኤሲ 30 ነበር፤ እንግሊዝ የተሠራ፣ ኢኤል 84 የሚባሉ አራት ቲዩቦች ያሉት፣ ወደ 30 ዋት ገደማ። ከፊቱ ዳላስ ሬንጅማስተር የምትባል፣ አንዲት የጀርማንየም ትራንዚስተር ብቻ ያለባት ትንሽ ሣጥን ይሰካል። እሷ ቀጭኑን ድምፅ ትገፋዋለች፣ ቲዩቦቹም ከአቅማቸው በላይ ሲጫኑ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ይሻክራል፣ ይወፍራል። የአምፕ ሠሪዎቹ ዓላማ ይሄ አልነበረም። እነሱ የፈለጉት ጥርት ብሎ የሚጮህ መሣሪያ ነው፤ መሻከር ለእነሱ ብልሽት ነበር። ዛሬ ሮክ የምንለው ድምፅ የተገኘው ተጫዋቾች ቁልፉን መዞር ከማይገባው በላይ ስላዞሩት ነው።

አምፕን የምወደው ግን በሌላ ምክንያትም ነው፤ “አይንኩ” የሚለው ሕግ እሱ ጋ አይሠራም። ጊታር አልጋ ሥር ስልሳ ዓመት ተኝቶ ሊነሳ ይችላል። አምፕ ግን ሳይሠራም ያረጃል። ኃይል የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች በሃያ ሠላሳ ዓመት ውስጥ ይደርቃሉ፤ ካልተቀየሩ መጀመሪያ “እምምም” ይላል፣ ከዚያ ትራንስፎርመሩን ይዞት ሊሄድ ይችላል። የድሮ አሜሪካ አምፖች ደግሞ ገመዳቸው ባለ ሁለት ሹካ ነው፣ የመሬት መስመር የለውም። ከመብራቱ መስመር ወደ ሣጥኑ ብረት የተዘረጋች አንዲት ካፓሲተር አለች፤ ሙዚቀኞች “የሞት ካፓሲተር” ይሏታል። እሷ ከተበላሸች ብረቱ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ ብረቱ ከጊታሩ ክር ጋር ተገናኝቷል፣ ክሩ ላይ ያለው ደግሞ የእናንተ እጅ ነው። አፍን ወደ ማይክሮፎን ማስጠጋት ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ልብ ያለው ቴክኒሺያን እሷን ቆርጦ አውጥቶ ባለ ሦስት ሹካ ገመድ ይተክላል። ኦርጅናልነት እዚያ ላይ አበቃ።

(አዲስ አበባ ላላችሁ፦ ዘመድ ከአሜሪካ አምፕ ከላከላችሁ በቀጥታ እንዳትሰኩት። የእነሱ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር መሃል መግባት አለበት። አንድ ጓደኛዬ ይህን የተማረው በጭስ ነው።)

በኛም ቤት ይሄ በሽታ አለ። አምሃ እሸቴ ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ትንንሽ ሸክላዎች ዛሬ በውጭ ሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋሉ። ዋጋቸው የሚወሰነው በምን መሰላችሁ? ምን ያህል እንዳልተጫወተ። ቡና ቤት ውስጥ ሌሊቱን ሲሽከረከር የኖረ፣ ሰው ያስጨፈረ፣ ሰው ያስለቀሰ ሸክላ “የተጫረ” ተብሎ ወደ ታች ይመደባል። እኔ ያንን የተጫረውን ብሰማ እመርጣለሁ። የጭረቱ ድምፅ እንኳ የሰው ቤት ይሸታል።

ወደ ሮሪ ጊታር ልመለስ። በጨረታው ያሸነፈው ዴኒስ ዴዝሞንድ የተባለ አየርላንዳዊ የኮንሰርት አዘጋጅ ሲሆን፣ ጊታሩን ለአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ሰጥቶታል። ዜናውን ሳነብ ሁለት ስሜት መጣብኝ። አንደኛው ደስታ፤ ቢያንስ የአንድ ሀብታም ሳሎን ውስጥ አልጠፋም፣ የኮርክ ልጅ ሄዶ ሊያየው ይችላል። ሁለተኛው ያው ቅሬታ ነው፤ እንደገና መስታወት። ከሱቁ መስታወት ጋር ግን አንድ አይደለም። የሮሪው ሠላሳ ዓመት ተጫውቶ፣ ባለቤቱን ቀብሮ ነው የገባው። የሱቁ ጊታር ገና አልጀመረም።

የሱቁን ባለቤት “ይሄ መስታወት ይከፈታል?” ብዬ ጠየቅሁት። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ ግን ጫማዬን አይቶ “ለሚገዛ ሰው” አለኝ። እሺ ብዬ ወለል ላይ ወደተቀመጠች ትንሽ የፌንደር አምፕ ዞርኩ። ጨርቋ ተቀዷል፣ እጀታዋ በገመድ ተተክቷል። ቅጂውን ጊታር ሰክቼ ቁልፉን እስከ ሰባት አዞርኩት። ሌሎቹ ደንበኞች ዞር ብለው አዩኝ። ባለቤቱ ራሱ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ የተቀየረባትን ሲዘረዝር ይቅርታ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው፦ ካፓሲተሮቹ፣ ገመዱ፣ ስፒከሩ። “ለዚህ ነው የረከሰችው” አለኝ።

ቅዳሜ ተመልሼ ወሰድኳት። የወጡት አሮጌ ካፓሲተሮች በትንሽ ፌስታል ታስረው ከኋላዋ ተንጠልጥለው ነበር፤ ምናልባት አንድ ቀን የምትሸጥ ከሆነ ገዢው ይጠይቃል አለ። ፌስታሉን መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ለምን እንዳልጣልኩት እኔም እንጃ።