«ካሳ»፣ «ቁጥጥር» እና «ንጠላ»፦ በስፔክትራል ፍሎው ሳይቶሜትሪ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የስፔክትራል ፍሎው ሳይቶሜትሪ የቤተ ሙከራ መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚውን ይበልጥ የሚያሳስቱት ቃላት «ኮምፐንሴሽን»፣ «አንሚክሲንግ» እና «ኮንትሮል» ናቸው። ሦስቱንም ከመደበኛ መዝገበ ቃላት ፈልጎ «ካሳ»፣ «አለመቀላቀል»፣ «ቁጥጥር» ብሎ ማስፈር ቀላል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚነቅፈው ይህንኑ ቅለት ነው።

መሣሪያው ህዋሳትን በፈሳሽ ጅረት አሰልፎ አንድ በአንድ በሌዘር ጨረር ፊት ያሳልፋል። በህዋሱ ላይ የተለጠፉት አብሪ ቀለሞችም ጨረሩን ተቀብለው የየራሳቸውን ብርሃን ይሰጣሉ። በነባሩ ስልት ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ብርሃን ተቀባይ ይመደባል፤ ሆኖም የአንዱ ብርሃን ወደ ሌላው ተቀባይ ስለሚሻገር፣ የተሻገረው መጠን ተሰልቶ ይቀነሳል። «ኮምፐንሴሽን» የተባለው ይህ ቅነሳ ነው። በአማርኛ ግን ካሳ የጐደለውን ይሞላል፤ ማካካስም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ «ማካካሻ» የሚለው ስያሜ በአንባቢው አእምሮ የሚሥለው የድርጊቱን ተቃራኒ ነው። «የፍሳሽ ቅነሳ» ማለት ከሐሳቡ ጋር ቢስማማም ጆሮን ወደ ቦይ ስለሚወስድ፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት «የተሻጋሪ ብርሃን ቅነሳ» ይመረጣል።

በስፔክትራሉ ስልት ደግሞ የተቀባዮቹ ቍጥር ከቀለሞቹ ይበልጣል። መሣሪያው የእያንዳንዱን ህዋስ ሙሉ ኅብረ ብርሃን ይመዘግባል፤ ከዚያም ለተመዘገበው ድምር የየቀለሙ ድርሻ ስንት እንደ ሆነ በሒሳብ ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ2020 አርባ ቀለሞችን በአንድ የደም ናሙና ለይቶ የሚያሳይ አሠራር የታተመው በዚህ ስልት ነው። ብርሃኖቹ አስቀድሞ ተቀላቅለዋልና «አለመቀላቀል» ሐሰት ነው፤ ሥራው የተቀላቀለውን መለየት ስለሆነ «ንጠላ» ይስማማዋል። ቅነሳና ንጠላ ሁለት የተለያዩ ስሌቶች በመሆናቸው በአንድ ስያሜ መጠቅለል አይገባም።

ከሁሉ የከፋው ግን «ቁጥጥር» ነው። «የነጠላ ቀለም ቁጥጥር ይዘጋጅ» የሚለውን ያነበበ ሠራተኛ ቀለሞቹን አንድ በአንድ እንዲፈትሽ የታዘዘ ይመስለዋል። የተፈለገው ግን በአንድ ቀለም ብቻ የተቀባ ህዋስ የያዘ፣ ራሱን የቻለ ቱቦ ነው። ስሌቱ የየቀለሙን መልክ የሚማረው ከዚህ ቱቦ ነው፤ ቀለሙ ከናሙናው ጋር አንድ ዓይነት፣ ድምቀቱም ቢያንስ የናሙናውን ያህል መሆን አለበት፤ ናሙናው በኬሚካል ተጠብቆ ከሆነ ቱቦውም እንዲሁ መጠበቅ አለበት። ያልተቀባ ህዋስም ከዚያው ዓይነት ናሙና ተወስዶ ይቀርባል፤ ህዋሱ ከራሱ የሚያመነጨው ብርሃን እንደ ተጨማሪ ቀለም ተቆጥሮ ይነጠላልና። ቱቦው የተሳሳተ እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ ሥራውን ላያቋርጥ ይችላል፤ የሌለ የህዋስ ዓይነት ያለ መስሎ ሊታይም ይችላል። «የነጠላ ቀለም ማነጻጸሪያ» ቢባል ግን ቱቦው ለምን እንደሚዘጋጅ ስሙ ራሱ ይነግራል፤ «ነጠላ» እና «ንጠላ» ከአንድ ሥር መፍለቃቸውም ለትውስታ ይረዳል።

«ፍሎው ሳይቶሜትሪ» የሚለውን በውሰት ማቆየት አይነቀፍም። እ.ኤ.አ. በ1968 ቮልፍጋንግ ጎዴ በሙንስተር መሣሪያውን ሲሠራ የነበረው ስም ሌላ ነበር፤ የዛሬው ስም የጸደቀው በ1976 በፔንሳኮላ፣ ፍሎሪዳ፣ በተደረገ ጉባኤ ነው። «ፋክስ» የሚለው አጠራር ግን የአንድ ኩባንያ የንግድ ምልክት ከመሆኑም በላይ አማርኛ አንባቢን ወደ ደብዳቤ መላኪያው መሣሪያ ስለሚመራ ከመመሪያ ቢወጣ ይበጃል።