የግሬግ ብራውን ተከላካዮች

እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ኮሌጆች የበረዶ ሆኪ ፍጻሜ ቦስተን ኮሌጅ ፌሪስ ስቴትን 4 ለ 1 ሲረታ፣ ዛሬም ድረስ የሚወራላት ጆኒ ጎድሮ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ያገባት ግብ ናት። የቡድኑን ሥራ ለመመዘን ግን ሌላውን የሜዳ ጫፍ ማየት ይሻላል። ቦስተን ኮሌጅ ለዚያ ጨዋታ የበቃው አየር ኃይልን 2 ለ 0፣ ሚኒሶታ ዱሉትን 4 ለ 0፣ ሚኒሶታን 6 ለ 1 አሸንፎ ነው። ፍጻሜውን ጨምሮ በአራት ጨዋታ የተቆጠሩበት ሁለት ግቦች ብቻ ናቸው። ግብ ጠባቂው ፓርከር ሚልነር ምስጋናው ይገባዋል፤ ከፊቱ የቆሙትን ተከላካዮች የሚያሠለጥነው ደግሞ ረዳት አሰልጣኙ ግሬግ ብራውን ነበር።

የሆኪ ተከላካይ ዋና ሥራውን የሚሠራው ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ነው። አጥቂው ፓክ የምትባለዋን ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ እየነዳ በሙሉ ፍጥነት ይመጣበታል፤ እሱ ጀርባውን ለራሱ ግብ ሰጥቶ ያንኑ ፍጥነት መያዝ አለበት። ቁም ነገሩ በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው። ከሰፋ፣ አጥቂው የመከላከያ ክልሉ የሚጀምርበትን ሰማያዊ መስመር እንደልቡ ተሻግሮ፣ ቀና ብሎ አይቶ ይመታል። ከጠበበ፣ በአንድ እጥፋት ጥሎት ያልፋል። ልኩ ተከላካዩ ዱላውን ሲዘረጋ ፓኳን የሚነካበት ቦታ ነው። በረዶው ላይ የተኛው ዱላ የመሃሉን መንገድ ይዘጋል፤ አጥቂው ሳይወድ በግዱ ወደ ዳር ይወጣል፤ ከዳር የሚመታው ምት ማዕዘኑ ጠባብ በመሆኑ ለግብ ጠባቂው ይቀልለታል። የተከላካዩ ዓይን ደግሞ ከፓኳ ይልቅ አጥቂው ደረት ላይ ማረፍ አለበት። እጅ ያታልላል፤ ደረት ግን ባለቤቱ ከሚሄድበት አይለይም።

ፓኳ ወደ ኋላ ስትጣልም እንዲሁ ነው። ጥሩ ተከላካይ ሊያነሳት ሲገሰግስ፣ ከመድረሱ በፊት ዞር ብሎ ከኋላው ማን በየት በኩል እንደሚመጣ ይቃኛል። ፓኳን ሲነካት ለማን እንደሚያቀብል ቀድሞ ወስኗል። ቅኝቱ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅም፤ ልማድ እስኪሆን ግን ብዙ ልምምድ ይፈልጋል። የኮሌጅ ተጫዋች ደግሞ ቢበዛ አራት ዓመት ተጫውቶ ይሄዳል። ስለዚህ ረዳት አሰልጣኙ አንዱን ትምህርት ለአዲስ ሰው በየዓመቱ ከሀ ይጀምራል።

ብራውን ራሱም ተከላካይ ነበር። በዚያው ኮሌጅ ማሊያ በ1989 እና በ1990 የሆኪ ኢስት ሊግ ኮከብ ተብሏል፤ በ1988 እና በ1992 የክረምት ኦሊምፒክ ለአሜሪካ ተሰልፏል። በ2004 በዋና አሰልጣኙ ጄሪ ዮርክ ሥር ረዳት ሆኖ ተመለሰ፤ 14 ዓመትም ቆየ። በዚያ ጊዜ ቡድኑ በ2008፣ በ2010 እና በ2012 ዋንጫ አነሳ፤ በ2010 ፍጻሜ ዊስኮንሲን የተሸነፈው 5 ለ 0 ነው። መዝገቡ ላይ ድሉ ሁሉ የተጻፈው በዮርክ ስም ነው። ብራውን በ2018 ወደ ፕሮፌሽናሉ ቡድን ኒውዮርክ ሬንጀርስ ሄዶ በረዳትነት ሠራ። በ2022 ዮርክ ጡረታ ሲወጡ ኮሌጁ በቦታቸው የሾመው እሱን ነው።

ሥራው ምን ያህል እንደሰመረ የሚመሰክረው ግን ሹመቱ ሳይሆን ብሪያን ዱሙሊን ነው። በብራውን እጅ ሦስት ዓመት የሠለጠነው ይህ ተከላካይ ከፒትስበርግ ፔንግዊንስ ጋር በ2016 እና በ2017 የፕሮፌሽናል ሆኪውን የስታንሊ ዋንጫ ወስዷል። ግብ በማግባት የታወቀ ሰው አይደለም። በዓለም ፈጣኖቹ አጥቂዎች ፊት ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ርቀቱን ስለጠበቀ ነው ቦታውን ያገኘው።