ለሚወልቅ ጥርስ መድከም

አርባ ምንጭ ውስጥ የልጆች ጥርስ የሚያክም ሰው አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል፦ «ዶክተር፣ የወተት ጥርስ አይደል? ነቅለው አይገላግሉትም?» ከጨንቻ ልጇን ይዛ የወረደች እናት እንቅልፍ ካየች ሁለት ሦስት ቀን ሆኗታል፤ አልፈርድባትም።

መልሴን ከዕድሜው እጀምራለሁ። ሁለተኛው የወተት መንጋጋ የሚወልቀው ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ገና ብዙ ያኝክበታል። በስድስት ዓመት ገደማ ከኋላው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ይወጣል። ፊት ለፊቱ ክፍት ካገኘ ወደዚያ ይጠጋና ከሥር ለሚመጣው ጥርስ ቦታ ያሳጣዋል። ጥርሱ መግል ቋጥሮ ዝም ቢባልም ጉዳቱ ከሥር በመሠራት ላይ ላለው ቋሚ ጥርስ ይተርፋል፤ ያ ጥርስ ቡናማ ነቁጥ ይዞ ወይም ተሸርፎ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ ከመንቀሌ በፊት ጥርሱን በነርቭ ሥራ ለማዳን እሞክራለሁ፤ ሥራው የሚፈረደው በደም ነው። ካደነዘዝኩ በኋላ በዙሪያው ያለውን ብስባሽ አስቀድሜ አጸዳለሁ፤ ከዚያ የጥርሱን ጣራ እከፍትና የላይኛውን ነርቭ እስከ ሥሮቹ አፍ ድረስ ቆርጬ አወጣለሁ። በውሃ የረጠበ ጥጥ አድርጌ ጫን እላለሁ፤ እጠብቃለሁ። ጥጡን ሳነሳ ደሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ በጥቂት ደቂቃ ከቆመ፣ ሥር ውስጥ የቀረው ነርቭ ጤነኛ ነው ብዬ እቀጥላለሁ። ጠቆር ብሎ ደጋግሞ ከሞላ ቁስለቱ ወደ ሥር ወርዷል፤ ያኔ ሥሩን አጽድቶ መሙላት ወይም መንቀል ነው። ፌሪክ ሰልፌት ደምን በኬሚካል ስለሚያቆም፣ በጥጡ ሳያዩ ወደ እሱ መቸኮል የምስክርን አፍ እንደመያዝ ነው።

በቀረው ነርቭ ላይ የሚደረገው መድኃኒት ብዙ ክርክር አይቷል። ፎርሞክሬሶል በ1904 እ.ኤ.አ. በጥርስ ሐኪሙ በክሊ ተዋወቀ፤ በ1930ዎቹ ስዊት የተባለ ሌላ የጥርስ ሐኪም ለወተት ጥርስ አስፋፋው፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም ዋናው መድኃኒት እሱ ነበር። በ2004 የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በውስጡ ያለውን ፎርማልዲሃይድ ካንሰር አምጪ ብሎ ሲፈርጅ ብዙ ሐኪሞች ሸሹት። ዛሬ የተሻለው ኤምቲኤ የተባለው ሲሚንቶ ነው፤ ዋጋው ግን ለብዙ ቤተሰብ ይከብዳል።

ቅርንፉድ አድቅቀው ጉድጓዱ ውስጥ የጠቀጠቁ እናቶችን አልቆጣም። እኛም ሥሩን ስንሞላ ዚንክ ኦክሳይዱን የምናቦካው ከቅርንፉድ ዘይት በሚገኘው ዩጅኖል ነው። የእነሱ ቅርንፉድ ሕመሙን ለሌሊቱ ያበርደዋል፤ ብስባሹ ግን ሥራውን ይቀጥላል። የምቆጣው ሌላ ነገር ላይ ነው፦ ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው «ግግ ነው» ብሎ ድዱን አስፈልፍሎ ገና ያልበቀለ ጥርስ ማስወጣት። እዚያ ላይ ትዕግሥት የለኝም።

ከጋሞ ደጋ የመጣ ልጅ በቀጠሮው ይመለሳል ብዬ አልሠራም። መንገዱ አለ፣ እርሻው አለ፣ ሕመሙም ከቆመ ማን ይመጣል? ስለዚህ ከቻልኩ ነርቩንም ማሸጉንም የብረት ክዳኑንም በአንድ ቁጭታ እጨርሳለሁ። ሙሌት ብቻ ከሆነ በዳር በኩል ሊያፈስ ይችላል፤ ካፈሰ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ወላጆች ክዳኑን ሲያዩ ፊታቸው ይከፋል፤ ልጆቹ ግን ትምህርት ቤት ሄደው አፋቸውን ከፍተው ያሳዩታል።

ይህን ሁሉ ብዬም የምነቅልበት ጊዜ አለ። ድዱ ላይ መግል የሚያፈስ ብጉር ካለና ጥርሱ ከተነቃነቀ፣ በራጅ ላይ በሥሮቹ መካከል ያለው አጥንት ከጠቆረ ወይም ሥሩ አጥሮ ካለቀ፣ ማዳን የምኞት ሥራ ይሆናል። ሲቻል ቦታ መጠበቂያ አስርለታለሁ። ልጁ ወንበሩ ላይ ሳይወጣ ደግሞ እናቱን «ልቡን ታሞ ያውቃል?» እላለሁ። የሩማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን ልጆች ላይ ብዙ አለ፤ እንዲህ ያለው ልብ ያለበት ልጅ የታመመ ነርቭ አፉ ውስጥ ይዞ እንዲቆይ አልፈቅድም። ከልብ ሐኪሙ ጋር ተነጋግሬ፣ መከላከያ አንቲባዮቲኩን ሰጥቼ እነቅለዋለሁ፤ ጥርሱ ምንም ያህል ሊድን የሚችል ቢመስለኝ።