በመንጠቆ የተሰቀለ ዝምድና

ሰሞኑን በክበባችን የተነበበ አንድ ጽሑፍ ብዙ አስጨብጭቧል። እኛም አጨብጭበናል፤ ስለዚህ የዚህ ሒስ ግማሹ በራሳችን ላይ ነው። ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ዋው» የሚባለው የዕብራይስጥ ፊደል ትርጉሙ መንጠቆ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ የተጻፈባቸው ምልክቶችም «ክሪዩኪ»፣ ማለትም መንጠቆዎች ይባላሉ፤ እንግዲያው ዜማው ከፊደሉ ተወለደ።

እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ስለ ፊደሉ የተባለው እውነት ነው። በኦሪት ዘጸአት የድንኳኑ ምሰሶዎች ኩላብ በዕብራይስጥ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። የፊደሉም ሥራ ከስሙ አይርቅም፤ በግዕዝ «ወ» እንደምታደርገው ሁሉ ቃልን ከቃል ያያይዛል።

ስለ ዜማው የተባለው ግን አያስኬድም። ሩሲያውያን ምልክቶቹን ከክርስትናው ጋር የወረሱት ከቢዛንታይን ነው። ከምልክቶቹ አንዱ «ክሪዩክ» ይባል ነበር፤ በኋላ ስሙ ለሁሉም ተረፈ። የቆለመመን ነገር መንጠቆ ማለት የማንም ሕዝብ የብቻ ሀብት አይደለም። ኧረ ለመሆኑ፣ ሁለት ሰዎች ሞክሼ ስለሆኑ ወንድማማች ይሆናሉ እንዴ?

የሚቆጨን ግን ሌላ ነው። ፊደልና ዜማ በእርግጥ የተገናኙበትን ቦታ ጽሑፉ አልፎት ሄደ። መንጠቆው ብቻውን የድምፁን ከፍታ በትክክል አይናገርም ነበር፤ ዘማሪው ከመምህሩ አፍ ነበር የሚቀበለው። በ1600 እ.ኤ.አ. ግድም የኖቭጎሮዱ ኢቫን ሻይዱር ከፍታውን የሚያመለክቱ ቀይ ፊደላት እንደ ጨመረ ይነገራል፤ በ1668 እ.ኤ.አ. አሌክሳንደር ሜዜኔትስና ባልደረቦቹ ሥርዓቱን በመጽሐፍ አደራጁት። ከቀዩ ፊደል በፊት የተጻፉትን ብራናዎች ግን ዛሬ በእርግጠኝነት የሚያዜማቸው የለም። ምልክቱ አለ፤ ድምፁ ሄዷል።

ይኼ ነገር ለእኛ እንግዳ ነው? ድጓን የገለጠ ሁሉ ከንባቡ በላይ ከይዘትና ከድፋት፣ ከጭረትና ከርክርክ ጋር የተደረደሩ ደቃቅ ፊደላት ያያል። እነዚያ ፊደላት ለንባብ አይደሉም፤ ደብተራው አስቀድሞ በቃሉ ያጠናውን ዜማ ያስታውሱታል። ያላጠና ሰው ቢያያቸው ፊደል ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ጓደኛችን ጽሑፉን እንዲተወው አንጠይቅም፤ እንደገና ይጻፈው። «ቃሉ ከየት መጣ?» ከማለት ይልቅ «ምልክቱን ያለ መምህር ማን ያነበዋል?» ብሎ ይነሣ። እኛም ያን ጊዜ ከማጨብጨባችን በፊት አጥብቀን እንጠይቃለን።